ዕቃችን የሚያድርባት ከተማ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጉዞ ልተርክላችሁ ነው። ወሬው የጅቡቲ ነው።

ጅቡቲን በስሟ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ነጋዴው «ዕቃዬ ጅቡቲ ገብቷል» ይላል። መኪና ያስመጣው «ገና ጅቡቲ ናት» ይላል። ናፍጣ ሲጠፋ፣ ዘይት ሲወደድ፣ ማዳበሪያ ሲዘገይ ስሟ ይነሳል። ከገቢና ከወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ የሚበልጠው በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ስሟ ከአፋችን ባይጠፋ አይደንቅም። ግን ስለ ታሪፉና ስለ ኮንቴነሩ ይህን ያህል እየሰማን፣ ዕቃችን ስለሚያድርባት ከተማ፣ እዚያም አብሮት ስለሚያድረው ሰው የሚነግረን ጥቂት ነው። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሮ አንድ ቀን ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ።

የወረድኩት በጥር ነው። ለመሄድ ያሰበ ካለ ወሩን ይያዝልኝ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ደግሞ አሸዋ ጭኖ ይመጣል። በዚያ ወቅት አቅም ያለው የጅቡቲ ሰው ራሱ ልጆቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግን ከተማዋ ለእንግዳ ትመቻለች። በጥር ቀኑ ለብ ያለ ነው፤ ማታ ነፋሱ ከባሕር ሲነሳ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል።

የተሳፈርኩት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ፣ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው ማለቴ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን እያለፈ ሲወርድ ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ ድሬዳዋ በሸሚዝ ይገባል። ድሬዳዋ ወርጄ አደርኩ። እንዲያው ለማረፍ ብቻ አልነበረም፤ ድሬዳዋን ያላየ ጅቡቲን በቅጡ አያውቃትም ብዬ ስለማምን ነው። ሁለቱም የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው።

እንዴት መሰላችሁ? ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው የተጀመረው ከባሕሩ በኩል በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራው ለባቡር አልመች ብሎ ከታች አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ያቺ ከተማ ድሬዳዋ ናት። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ጅቡቲም ያኔ ገና ልጅ ናት። ፈረንሳዮች ከተማ ያደረጓት በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያሳደጋት ግን ያ ባቡር ነው። ዛሬም ደሙ አልተለያየም። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ጅቡቲን የሚመሩት ፕሬዚዳንት እስማኤል ኦማር ጌሌ የተወለዱት እዚያው ድሬዳዋ ነው።

በማግስቱ ከድሬዳዋ ስንነሳ አጠገቤ የተቀመጡት ባልቴት የጅቡቲ ሰው ናቸው፤ ሐኪም ቤት ከርመው የሚመለሱ። አማርኛውንም ሶማልኛውንም ያቀላጥፉታል። አዲጋላን ስናልፍ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አሳዩኝ። «የምንጠጣው ውሃ ከዚህ ምድር ነው የሚመጣው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነት ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በእኛ ሶማሌ ክልል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ፣ ርዝመቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። መብራቱም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከእኛ ይሄዳል። ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ፣ ጫቱም ከእኛው ነው የሚወርደው። እኛ ወደብ የለንም ብለን ስናዝን፣ እነሱ ደግሞ ወንዝ የላቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአገራቸው አንድም የለም። ባልቴቷ ይህን ሲነግሩኝ ቅሬታም ኩራትም አላየሁባቸውም። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫር ያህል ተራ ነገር አድርገው ነው የተናገሩት።

ደወሌ ድንበሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ግራር እዚህም እዚያም፣ ፍየል እዚህም እዚያም። አሊ ሳቢህና ሆልሆል ያልፋሉ፤ ናጋድ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ወበቁ ፊት ለፊት መጣ። አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባ ታክሲ ይዤ ወደ ከተማው ገባሁ።

አሁን ከተማዋን ላሳያችሁ።

ጅቡቲ ከተማ ወደ ባሕሩ የወጣ ምድር ላይ ናት። መርከብ የሚቆምበትና የመንግሥት ቤቶች ያሉበት ወገን ድሮ ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ትናንሽ ደሴቶች ነበሩ፤ በአፈርና በድንጋይ ድልድይ ተያይዘው ነው አንድ ምድር የሆኑት። አሮጌዎቹ ቤቶችም ከዚያው ከባሕር በወጣ ድንጋይ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ ናቸው፤ ከታች ቅስት ቅስት ያለ በረንዳ አላቸው። መንገደኛ ፀሐይ ሳያየው ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሄደው በእነዚያ በረንዳዎች ሥር ነው። ኖራው ተላልጦ፣ እንጨቱ ደርቆ፣ የመስኮቱ ቀለም ለቆ ታያላችሁ። ብዙ ሰው «አርጅታለች» ይላል። እኔ ግን እነዚያን በረንዳዎች አፍርሶ የመስታወት ፎቅ የሚተካ ቀን እንዳይመጣ እመኛለሁ፤ ለዚያ አየር ከእነሱ የተሻለ ቤት የሠራ የለም።

በመሐሉ አንድ አደባባይ አለ። በይፋ የሚጠራው ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት ቀን ነው፤ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1977። የከተማው ሰው ግን ዛሬም «ምኒልክ አደባባይ» ይለዋል። ባለ ታክሲው፣ ሻይ ቤቱ፣ ልጁ ሁሉ። ምኒልክ ይህችን ከተማ በእግራቸው አልረገጧትም። ስማቸው ግን ቡና በሚጠጣበትና የቀጠሮ ሰው በሚጠበቅበት ቦታ ላይ ይኖራል። እዚያ ቆሜ ዙሪያውን ሳይ ደስታና ቁጭት አንድ ላይ መጡብኝ፤ አልደብቃችሁም።

ከዚያ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፍቀዱልኝ። በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ጉብኝት ሲሄዱ፣ መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው፣ ለስጦታ የሚሆኑ አንበሶች ጭነው ያለፉት በዚህ መስመር ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. እኚያው ሰው፣ አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ በባቡር ወጡ። በማግስቱ ጅቡቲ ገቡ። ሚያዝያ 26 «ኢንተርፕራይዝ» የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተቀብላ ወደ ሃይፋ ወሰደቻቸው፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም። መርከቧ በተነሳች ማግስት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። እኛ ሚያዝያ 27ን የምናስበው የዚያን ዕለትና ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሡ የተመለሱበትን ቀን አድርገን ነው፤ ዋዜማው ግን ንጉሡ ከጅቡቲ የተነሱበት ቀን ነው። ከደጁ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ ምን እንደምፈልግ በፈረንሳይኛ ጠየቁኝ። «ከአዲስ አበባ ነኝ» አልኳቸው በአማርኛ። «እንግዲያማ ያንተው ነው፣ እይ» አሉኝ፣ እሳቸውም በአማርኛ።

ወደ ገበያው እንሂድ። በ1906 በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ፣ ነጩ ሚናራው ከሩቅ ይታያል፤ ከፊቱ ያለው አደባባይ የከተማው ልብ ነው። ሚኒባስ፣ ጨርቅ ሻጭ፣ ሽቶ ሻጭ፣ ሁሉም እዚያ ነው። በዚያ ግርግር መሐል፣ በርጩማ ላይ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ ሴቶች አሉ። ሰሪፍሌ ይሏቸዋል፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ናቸው። ቦርሳው ሲከፈት ዶላር፣ ብር፣ ዩሮ፣ የየመን ሪያል፣ እያንዳንዱ በላስቲክ ታስሮ ይታያል። የጅቡቲ ፍራንክ ለአንድ ዶላር 177.72 ሆኖ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች ዶላሩን ሳያስቡ ይነግሯችኋል፤ የሚያስቡት ብራችንን ነው። የእኔዋ ብሩን አንዴ በጣቷ ቆጠረች፣ አንዴ በስልኳ አሰላች፣ ፍራንኩን ደግሞ ሁለት ጊዜ ቆጥራ እጄ ላይ አኖረች። ደረሰኝ የለም፤ ክርክርም አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ይዘው ማንም አይነካቸውም። ይህ ለከተማይቱ ትልቅ ምስክር ነው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጅቡቲ ሄዶ የየመንን ዓሣ ሳይበላ የተመለሰ ሰው ምግቧን አላየም ማለት ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ላስቲክ የለበሰ። ዓሣውን በጥሬው ከበረዶ ላይ መርጣችሁ ትሰጣላችሁ። ልጁ በጀርባው በኩል ሰንጥቆ ጠፍጣፋ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ጨውና ቀይ በርበሬ ያሸዋል፤ በረዥም ብረት ሰክቶ መሬት ውስጥ እንደተተከለ ጋን ያለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይሰደዋል። እሳቱ ከታች ነው። ሊጡንም በጨርቅ ትራስ ላይ ዘርግቶ የዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከአፍታ በኋላ ቂጣው ጥቁር ነጥብ ነጥብ አውጥቶ ተነፍቶ ይወጣል። ዓሣው ሲመጣ ቆዳው ከስሏል፤ ሥጋው ነጭ፣ እርጥብ፣ አጥንቱን በአንድ ጎን የሚለቅ ነው። በሳህን አልመጣም፤ በወረቀት ላይ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ የተፈጨበት ማባያ አለ። ማንኪያ አልጠየቅኩም፤ የጠየቀም አላየሁ። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን የምንከራከር ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ዓሣ በየቀኑ ቢገጥመን ክርክሩ ይበረታ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሌላ ነገር ሆነ። መንገዱ ተቁነጠነጠ። ሱቁ መዝጊያውን አወረደ፣ የቢሮው ሰው ወጣ፣ ባለ ታክሲው ሞተሩን አጥፍቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ጥሩምባ ተሰማ። ጫቱ ገባ። በጠዋት ከሐረርጌ የተቆረጠ ጫት ነው፤ በየቀኑ ድንበር ተሻግሮ ይደርሳል። ከደቂቃዎች በኋላ በየማዕዘኑ ባሉት የእንጨት ጠረጴዛዎች ላይ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ተደረደረ። ሻጮቹ በሙሉ ሴቶች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከአንዷ ጋር ወግ ጀመርኩ። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይሆናል፤ ቢጫ ድሪያ ለብሳለች።

«አንተ፣ ፀሐይ ላይ ምን ገተረህ? ና ጥላው ሥር ግባ» አለችኝ። አነጋገሯ የድሬዳዋ ነው፤ እዚያ አገር ትልቁም ትንሹም አንተ ነው።

«የድሬ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«እናቴ የሳቢያን ሰው ነበረች። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። አራት ልጅ በዚህች ጠረጴዛ አሳድጌያለሁ። አንዱ ፈረንሳይ ይማራል።» ይህን እያለች እጇ አላረፈም፤ ጆንያውን ገለጥ፣ አንድ ዙርባ አውጥታ፣ ውሃ እፍ ብላ፣ መልሳ ሸፈን። «መኪናው የቀረ ቀን ከተማው ይታመማል። ባልና ሚስት ይጣላል። እኔም ያን ቀን የምበላው የለኝም።»

«አንቺስ ትቅሚያለሽ?»

«እኔ? እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ስለ ጫት የማስበውን ልናገር። በዚያ ሰዓት የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ ቤት ሞሰብ ላይ የተነሳ ነው፤ ከሰዓት በኋላው ሙሉ ከሥራ ይጎድላል። ይህ ያሳዝነኛል። ግን ከዚያች ሴት ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ይህን ልነግራት አልደፈርኩም፤ ሐረርጌ ላይ የሚቆርጠው ገበሬም፣ እሷም፣ በዚያው ቅጠል ነው ልጅ የሚያስተምሩት። ከተማው እስከ ዐሥር ሰዓት ተኛ። እኔም ተኛሁ።

ማታ ኤስካል ወደሚሉት የትናንሽ ጀልባዎች መቆሚያ ሄድኩ። ከዚያ ማዶ ታጁራ ነው፤ ከዚህች ከተማ በፊት የነበረ፣ ከአሳል ሐይቅ ጨው ጭኖ እስከ ሸዋ የሚወጣ የግመል ቅፍለት የሚነሳበት ጥንታዊ የአፋሮች ከተማ። አሳልን ካነሳሁ፣ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከታጁራ ወዲያ ደግሞ ኦቦክ አለ። ኦቦክን ሳነሳ ሌላ ወሬ መጣ፤ የጉዞዬ ከባዱ ወሬ እሱ ነው።

ከኤስካል ስመለስ መኪና የሚያጥብ ልጅ አገኘሁ። ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ቢሆን ነው። ባልዲው፣ ጨርቁ፣ የተቀደደ ሸበጡ። «ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለኝ። የወሎ ልጅ ነው። በእግር ነው የመጣው። እዚህ የሚያጥበው ለጀልባ የሚከፍለውን ለማግኘት ነው፤ ከዚያ ኦቦክ፣ ከኦቦክ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ።

«የመን ጦርነት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የሰፈራችን ልጅ ደርሶ ለእናቱ ቤት አሠራ።»

«ያልደረሰስ?»

ባልዲውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ያልደረሰም አለ» አለ።

ከኦቦክ ወገን ባሕሩን አልፎ የመን ለመድረስ ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ ባብ ኤል ማንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ቅርበት ነው። ጀልባዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይጭናሉ። በ2016 ዓ.ም.፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ በሚባለው ዳርቻ አጠገብ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ደግሞ እየሄዱ አልነበረም፤ የመን መከራውን አይተው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ሰማኝ፤ በትህትና ሰማኝ። ለእራት ጋበዝኩት፤ ሽሮውን እየበላን ስለ እናቱ፣ ስለ እርሻቸው ጥበት፣ ከስምንተኛ ክፍል ስለማቋረጡ አወራኝ። ተመለስ አልኩት። «ምን ይዤ?» አለኝ። ያቺን ጥያቄ የምመልስበት ነገር በኪሴም በአፌም አልነበረኝም። ወደብ ስንል ዘይትና ስንዴ ብቻ አይደለም የሚያልፍበት፤ ልጆቻችንም ያልፋሉ፣ ለእነሱ ግን የጭነት ሰነድ የሚጽፍ የለም። በየዓመቱ የሚሄዱት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

በማግስቱ ፔካ 12 ሄድኩ። የአገር ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ነው፤ ከከተማው መውጫ ላይ፣ ተሳቢ መኪኖች ተራቸውን የሚጠብቁበት። ሰሌዳው ሁሉ «ኢት» ነው። የመኪናው ጥላ ቤት ሆኗል፤ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ተዘርግቷል፣ ቡታጋዝ ላይ ወጥ ይንተከተካል፣ በአንዱ በኩል ቡና ይወቀጣል። አንድ ጠና ያሉ ሾፌር ስኒ አቀበሉኝና ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ በዚህ መስመር ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«እኔማ የአሰብ ሾፌር ነበርኩ። በ90 ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፤ መሪያችንን አዙረን ወደዚህ መጣን። ይኸው ፀጉሬ እዚህ ነጣ።»

«ባሕር ገብተው ያውቃሉ?»

«በዚህ ሁሉ ዘመን? አንድ ቀን እግሬን ነክሬያለሁ። ጊዜው የት አለና! ጭነት አለ፣ ሰነድ አለ፣ ተራ አለ። ከዚህ ጋላፊ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጋላፊ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ አዋሽ። ስትደርስ ሌላ ይጠብቅሃል።»

ከመቀመጫቸው ኋላ ሦስት ጀሪካን ውሃ አየሁ። ለአንድ ሰውና ለአንድ ረዳት ይበዛል አልኳቸው። «ሁለቱ የእኔ አይደሉም» አሉኝ። ግራንድ ባራ የሚባል ነጭ ሜዳ አለ፤ ዛፍ የሌለበት፣ ጥላ የሌለበት። በመንገዱ ዳር ወደ ባሕሩ በእግራቸው የሚመጡ ልጆች ይገጥሟቸዋል። «መጫን አልችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ውሃ ግን አልከለክልም። አንድ ጊዜ አንዱን ዳር ላይ ወድቆ አገኘሁት። ውሃውን ቶሎ ቢያገኝ ኖሮ...» ቀሪውን አልጨረሱትም፤ ወደ ቡናው ዞሩ።

የእሳቸው ጭነት ዩሪያ ነበር። አሠራሩን ነገሩኝ፤ ለገበሬው ስለሚሄድ በደንብ ልንገራችሁ። ማዳበሪያው በመርከብ የሚመጣው ብትኑን፣ ያለ ጆንያ ነው። ክሬኑ በመንጋጋው እየዘገነ ከመርከቡ ሆድ ያወጣና ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በሆነ ማሽን ውስጥ ይጨምረዋል፤ ከሥር 50 ኪሎ እየሆነ በጆንያ ይወርዳል፣ ይሰፋል፣ ወዛደሩ በትከሻው ተቀብሎ መኪና ላይ ይደረድራል። ሙቀቱን ለመሸሽ ብዙው ሥራ ሌሊት ነው። አንድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ገደማ ይጭናል፤ ይህ ማለት 800 ጆንያ፣ እያንዳንዱ በሰው ትከሻ ያለፈ ነው። ዩሪያ የባሕር እርጥበት አይወድም፤ ርሶ ከጠጠረ ገበሬው በእጁ መበተን አይችልም። ስለዚህ ሸራው ላይ ቀልድ የለም። ሽማግሌው ረዳታቸውን ላይ አውጥተው የገመዱን ቋጠሮ አንድ በአንድ በእጃቸው እየነኩ ሲያስጠብቁ ቆሜ አየሁ። አንዷ ላላ ብትልባቸው አስፈቱና እንደገና አሳሰሯት።

«ይሄ ለየት ነው?» አልኳቸው።

«ለጎጃም። ደብረ ማርቆስ ነው የማራግፈው። ሰው ገና ጥር ነው ይላል፤ ከመርከብ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ ቀበሌ እስኪደርስ ሰኔ ከተፍ ይላል። አንድ ሳምንት እዚህ ከቆምኩ፣ አንዱ ገበሬ ላይ አንድ ሳምንት ነው።»

ሊመሽ ሲል ሰነዳቸው መጣ። ቡናው ተነሳ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ረዳቱ ጀሪካኖቹን ሞልቶ መለሳቸው። እጃቸውን ጨብጬ ልሰናበታቸው ስል ያዝ አደረጉኝ።

«ፍራንክ ተርፎሃል?»

አወጣሁት። ከሰሪፍሌዋ የተቀበልኩት ገና አላለቀም ነበር።

«አዲስ አበባ ማን ይቀበልሃል? እኔ በሁለት ሳምንት ተመልሼ እዚሁ ነኝ፤ ምሳ እገዛበታለሁ» አሉና የብሩን ምንዛሪ ጠየቁኝ። ሴትየዋ በሰጠችኝ ሒሳብ አሰላን። ሳንቲም ሳያጎድሉ ቆጥረው ሰጡኝና «በል፣ በሰላም ግባ» ብለው ወደ ጋቢናው ወጡ።